በመብራቱ ቦታ የተሰካ ጆሮ

የባለቤቴን ታላቅ እህት ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መብራት» እያለ ነው የሚጠራት። የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ናት። ካሜራዋ አናት ላይ የምትሰካት መብራት ገና በበሩ ስትገባ ዓይን ታጭበረብራለች። ያኔ ወንዱ ከረባቱን ያስተካክላል፣ ሴቱ ከንፈሩን ያረጥባል፣ ሲነታረኩ የነበሩ ዘመዳሞችም ተቃቅፈው ይስቃሉ። «መብራቷ መጣች!» ይባላል። ስሟ በዚያው ቀረ። ሰፈሩ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ጎረቤት በራችንን እያንኳኳ «እትዬ፣ ምን አስቀየምንሽ?» እያለ ይቀልዳል።

ሥራ የጀመረችው ፎቶ ቤት ነው። ያኔ ልጃገረድ ነበረች፤ የጉርድ ፎቶ በመቀስ ትቆርጥ ነበር። «የስንቱን ሰው ጆሮ ቆርጬ ጥያለሁ መሰለሽ!» ትለኛለች። ከመቀሱ ወደ ፎቶ፣ ከፎቶ ወደ ቪዲዮ ተሻገረች። ትዳር ለምን እንዳልያዘች ሲጠይቋት «የሰው ሰርግ ጠግቤ ለራሴ ቦታ አጣሁ» ብላ ትስቃለች። እሷም፣ አባቷም፣ እኔና ባለቤቴም፣ ትንሿ ልጄም በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው።

ሥራዋን ቆሞ ላየ ሰው ጉድ ነው። ሙሽሮቹ ወደ ፊት ሲራመዱ እሷ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ደረጃ ላይ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ በወንበርና በወንበር መካከል፣ አንድ ዓይኗን ካሜራው ላይ ጥላ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ወድቃ አታውቅም። ተረከዟ ዓይን ያለው ይመስላል። ባለቤቴ «እህቴ ወደ ኋላ እየሄደች ኑሮዋን ወደ ፊት የገፋች ብቸኛ ሰው ናት» ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ወደ ፊት እየሄድኩ እንኳ ስንቴ ተደናቅፌያለሁ።

አንድ ነገር ግን ነበር። የምትቀርጸው ቪዲዮ ድምፅ የለውም። በሥራው ያሉ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሰርግ ቤት ውስጥ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሳህን ይንኳኳል፤ ያን ሁሉ ኳኳታ ማን ይፈልገዋል? ምስሉን የሚያቀናብርላት ሰውዬ ከላይ ዘፈን ይደርብበታል፣ አለቀ። «ድምፁን ለኔ ተዪው፤ አንቺ ምስል ብቻ አምጪልኝ» ብሏታል፤ እሷም ምስል ብቻ ስታመጣለት ኖረች። የሰው አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚሰማው ዘፈኑ ነው። አንዲት ሴት አንድ ጊዜ መጥታ «እናቴ ሰርጌ ላይ ስትመርቀኝ የነበረው ይሰማ ይሆን?» ብላ ስትጠይቃት «ምርቃቱ አይሰማም፤ ግን እዚያ ላይ የገባው ዘፈን በጣም ያምራል» ብላ በቅንነት መልሳላታለች።

አማቴን፣ ማለትም የእሷን አባት፣ አባባ ነው የምንላቸው። አናጺ ናቸው። ከጓሮ ባለችው የእንጨት ሥራ ክፍላቸው ውስጥ ሲላጉ፣ ሲመቱ፣ ከእንጨቱ ጋር ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ድምፃቸው መሻከር የጀመረ ጊዜ የመጋዝ ብናኝ ነው አልን። ማርና ሙቅ ውሃ ሰጠናቸው። እየባሰ ሄዶ እንደ ሹክሹክታ ሲሆን እትዬ እጃቸውን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ መረመረ፣ ናሙና ወሰደ፣ ጠበቅን። በመጨረሻ አስቀምጦ ነገራቸው። ማንቁርታቸው ላይ የበቀለው ክፉ ነው፤ ከነማንቁርቱ ካልወጣ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ነው። ከወጣ ግን በዚያ ድምፅ ዳግመኛ አይናገሩም።

አባባ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ከዚያ «ማንቁርቱን ነው እንጂ እጄን አይደለም የምትቆርጡት?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ «እጅዎን አንነካም» አላቸው። «እንግዲያውስ ቁረጡት» አሉ።

እትዬ ናት የተሸነፈችው። ቀጠሮ እስኪደርስ ድረስ አባቷ ያሉባቸውን ቪዲዮዎች ሁሉ አወጣች። የእኔ ሰርግ አለ፣ የዘመድ ሰርግ አለ፣ የልጄ ልደት አለ። በሁሉም ላይ አባባ አሉ፤ ጣታቸውን እየቀሰሩ ይናገራሉ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ይስቃሉ፣ ሲመርቁን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን ዘፈን ነው። ለአቀናባሪው ደወለችለት፤ «ያልተቀናበረውን ጥሬ ቅጂማ ቦታ ስለሚሞላ አጥፍተነዋል፤ አንቺው አይደለሽ አጥፋው ያልሽኝ?» አላት። ስልኩን ዘግታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። አባባ በእኔ ሰርግ ላይ እንደ ዓሣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ምን እያለ ነው እዚህ ጋ?» አለችኝ።

ለማስታወስ ሞከርኩ። «ተባበሩ... ተቻቻሉ... እንደዚያ መሰለኝ እትዬ።»

«እሱማ ማንም ይላል። ቃሉን ነው ያልኩሽ።»

ቃሉን አላስታወስኩትም።

ቀጠሮው በድንገት ቀረበ። ሐኪም ቤቱ ደውሎ ነገ ጠዋት ይዛችኋቸው ኑ አለ። እትዬ ያን ዕለት ረፋዱ ላይ ሳትናገር ወጥታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከኤሌክትሮኒክስ መደብር አንዲት ጥቁር ሣጥን ይዛ ተመለሰች። ገመድ አልባ ማይክ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጋዜጠኞች ሲይዙት አይታለች እንጂ ነክታው አታውቅም።

«ዛሬ ከሰዓት ነው ያለን» አለችኝ። «ሲመሽ ድምፁ ጨርሶ ይጠፋል። ነገ ደግሞ...»

ነገን አልጨረሰችውም። ልጄን አባባ ጋ ሰደድኳትና ጠረጴዛው ላይ ሣጥኑን ከፈትን።

ውስጡ ሁለት ትናንሽ ሣጥኖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጡም። አንደኛው ላኪ ነው፤ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከእሱ በቀጭን ሽቦ የወጣች ጥቁር ማይክ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ትቆነጠጣለች። ሁለተኛው ተቀባይ ነው፤ እሱ ነው ከካሜራው ጋር የሚጋባው። የመመሪያው ወረቀት በጉንዳን ፊደል የተጻፈ ነው። እኔ እያነበብኩ፣ እሷ እየሠራች ጀመርን።

«ተቀባዩን ካሜራው አናት ላይ ባለው መሰኪያ ላይ አንሸራትተው ያስገቡ ይላል።»

እትዬ ካሜራውን አየችው። አናቱ ላይ ያለችው መሰኪያ አንድ ናት፤ መብራቷ ተቀምጣባታለች። ካሜራው ከተገዛ ጀምሮ ከዚያ ወርዳ አታውቅም። ትንሽ አመነታች። ከዚያ ብሎኗን ፈታ ፈታ አድርጋ መብራቷን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ተቀባዩን በምትኩ አንሸራትታ አስገባችው፤ ከሥሩ ያለችውን ክብ ብሎን በጣቷ አጠበቀችው። ነቅነቅ አደረገችው፤ አልተንቀሳቀሰም።

«ቀጥዪ።»

«በአጭሩ ገመድ አንዱን ጫፍ ከተቀባዩ ላይ መውጫ ከሚለው፣ ሌላውን ከካሜራው ላይ የማይክ ሥዕል ካለበት ቀዳዳ ያስገቡ። ተጠንቀቂ እትዬ፣ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ አለ ይላል፤ አንደኛው የጆሮ ማዳመጫ ነው።»

ካሜራው ጎን ላይ ያለችውን የጎማ ክዳን በጥፍሯ ስትከፍታት አቧራ ወጣ። ከተገዛ ጀምሮ ማንም አልከፈታትም። እፍ አለችባት፣ ገመዱን ሰካች። በሌላኛው ቀዳዳ የባለቤቴን ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ሰካን። ሁለቱን ሣጥኖች ከፈትናቸው። ተቀባዩ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ለአፍታ ስትርገበገብ ቆየችና ላኪውን ስታገኘው ረጋ አለች።

«ተገናኙ!» አልኩ።

እትዬ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ማይኳን ወደ አፌ አስጠግቼ «አንድ፣ ሁለት» አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። ጮክ አልኩ። ምንም። ካሜራው ስክሪን ላይ ድምፅ ሲመጣ መዝለል ያለበት መስመር እንደ ሞተ ሰው የልብ ምት ተጋድሟል። ገመዱን ነቅላ መልሳ ሰካች። ባትሪ ቀየርን። ቀዳዳውን ተሳስተን እንደሆነ ብለን ገመዱን በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሞከርን። ምንም።

«አታለለኝ! የውሸት ዕቃ ነው የሸጠልኝ!» አለች። ግንባሯ ላቦት አወጣ። ከጓሮ የአባባ ሳል ይሰማል፤ ባሳሉ ቁጥር እሷ ትደነግጣለች።

እኔ ስለ ካሜራ አላውቅም። ግን ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ ዝም ሲል መጀመሪያ የማየው ድምፅ መቆጣጠሪያውን ነው፤ ልጄ እየጠመዘዘች ትዘጋዋለች።

«እትዬ፣ የካሜራው ድምፅ ተዘግቶ እንደሆነስ?»

«የምን ድምፅ?»

«የሚቀዳው። መጨመሪያ መቀነሻ የለውም?»

ማውጫ ውስጥ ገባች። የምስሉን ገጾች ሳታይ በጣቷ ታልፋቸዋለች፤ የድምፁ ገጽ ላይ ስትደርስ ግን እንደ እንግዳ ቆመች። «የማይክ መጠን» ይላል። ከጎኑ ዜሮ።

ካሜራውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «አዲስ የገዛሁት ጊዜ ነው። ሰርግ ቤት ሲጮህ ይቺ መስመር ቀይ እየሆነች ዓይኔን ትረብሸኝ ነበር። ዘጋኋት። ከዚያ ረሳኋት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ጥሬው ባይጠፋም ኖሮ ባዶ ነበር ማለት ነው። ሁሉም።»

«አሁን ክፈቺያ!» አልኳት። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

መጠኑን ከፍ ከፍ አደረገችው። ማይኳን ከነላኪው ወስጄ አባባ ኮሌታ ላይ ልሰካ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ልጄ እንጨት ፍቅፋቂ ፀጉሯ ላይ ነስንሳ ቁጭ ብላለች።

«ምንድን ነው ይኼ ጢንዚዛ?» አሉኝ አባባ በሻከረ ሹክሹክታ።

«ጆሮ ነው አባባ። እትዬ በዚህ ትሰማዎታለች።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የምትሰማኝ?» ብለው ሳቁ።

ከቤቱ ውስጥ የእትዬ ጩኸት መጣ። ሮጬ ገባሁ፤ የሆነ ነገር ወድቆባት መስሎኝ ነበር። ቆማ በሁለት እጇ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ተጭናለች፤ ዓይኗ ፈጧል።

«‹ከመቼ ወዲህ ነው የምትሰማኝ› አለ» አለችኝ። «እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ራሴ ውስጥ!»

አንዱን ጎን ለእኔ ሰጠችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አባባ ጓሮ ናቸው፣ በመካከላችን ሁለት ግድግዳና የተዘጋ በር አለ። እኔ ግን ምራቃቸውን ሲውጡ ሰማሁ። ጣታቸው ኮሌታቸውን ሲያሻሽ፣ ትንፋሻቸው አፍንጫቸው ውስጥ ሲያፏጭ ሰማሁ። ስለ ሞገድ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፤ ለፈተናም ጽፌዋለሁ። አምኜው ግን አላውቅም ነበር ለካ። ይኼ ሁሉ ድምፅ እኔ ልብስ በማሰጣበት አየር ውስጥ፣ በግድግዳው መሐል፣ ማንንም ሳይነካ እያለፈ ይመጣል! እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ፤ አየሩን ልዳስሰው የፈለግሁ ይመስል።

«ዝም ብሎ ነው እንዴ የሚመጣው?» አልኩ።

«ዝም ብሎ» አለች እትዬ።

አባባን ጠርታ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ አቁማ ቀይዋን ቁልፍ ተጫነች። «ተናገር አባዬ» አለች። አባባ ከወገባቸው ቀና አሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ልክ ፍርድ ቤት እንደቆሙ።

«እንግዲህ ጤና ይስጥልኝ» አሉ። «እኔ አናጺ ነኝ። ልጆች አሉኝ። ሁሉም ደህና ናቸው። አመሰግናለሁ።»

ተነሡ።

«አባዬ! ይኸው ነው?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ስለ ልጅነትህ ንገረኝ! ስለ እማዬ...»

«ልጅነቴማ አለፈ። እናትሽም ዐረፈች» አሉ። «የዚችን ልጅ የቁምሳጥን መሳቢያ ነገ ሳልሄድ ልጨርስላት፤ ሲከፈት እየተጨቃጨቀ አስቸገራት።» «የዚች ልጅ» እኔ ነኝ። ብድግ ብለው ወጡ።

እትዬ እንደቆመች ቀረች። «እንደ ሰርግ እንግዳ ነው ያናገረኝ» አለች። ካሜራውን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቆመ።

ማዳመጫው ገና ጆሮዋ ላይ ነበር። አባባ ደግሞ ጢንዚዛዋን ኮሌታቸው ላይ እንደሰኩ ነው የሄዱት።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። አንዱን ጎን ዘረጋችልኝ። የመላጊያ ድምፅ ነበር፤ እንጨት ላይ ረዥም ሲሄድ፣ ሲመለስ። «አትኩራ እንጂ» ይላሉ አባባ ለእንጨቱ። «ትንሽ ነው የምቀንስህ። እስቲ ዞር በል። አዎ፣ እንደዚህ... አይ! ግትር። የማን ዘር ነህ አንተ?» ሹክሹክታቸው ያው ነው፣ የተሻከረ ነው። ግን ከሁሉም በላይ እሳቸው ናቸው። ፍርድ ቤት የቆመው ሰውዬ የለም።

የልጄ ድምፅ ገባ። «አባባ፣ ነገ ሐኪም ቤት ለምን ትሄዳለህ?»

«ጉሮሮዬ ውስጥ ክፉ ነገር ገብቷል ድንቢጤ። ሐኪሙ ሊያወጣልኝ ነው። ድምፄም አብሮ ይወጣል።»

መላጊያው ሄዶ ተመለሰ።

«ካወጣው በኋላ የት ያደርገዋል?»

«ምኑን?»

«ድምፅህን።»

«እንጃ። አልጠየቅሁትም።»

«በፌስታል አድርግልኝ በለውና ይዘኸው ና።»

አባባ ሳቁ። ያ ሳቅ ከድምፅ ይልቅ ትንፋሽ የበዛበት፣ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል ነበር፤ በማዳመጫው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሞላን። እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። እትዬ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ለአክስቴስ ንገራት» አለች ልጄ። «እሷ ካሜራ አላት።»

«ካሜራዋን ስታዞርብኝማ ተከሳሽ እሆናለሁ» አሉ አባባ። እንጨቱን አስቀምጠው መሰለኝ፣ አንድ ነገር ቋ ብሎ ተጋጨ። «አክስትሽ እንዴት እንደተወለደች ልንገርሽ? ስትወለድ ድምፅ አልነበራትም።»

እትዬ ዓይኗን ከፈተች።

«እንዴት?»

«ወጣች፣ ዝም አለች። ሰማያዊ ሆነች። እናትየዋ ‹ለምን አታለቅስም?› ትላለች፣ አዋላጇ አትመልስም። እኔ ከበሩ ውጪ ነኝ፤ ያኔ ወንድ አይገባም ነበር። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። አዋላጇ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርጋት ይሰማኛል። ዝም። እንደገና መታ መታ። ዝም። እኔ እዚያ በር ላይ...»

ድምፁ ተቆራረጠ። ሽሽሽ የሚል ነገር ገባበት። ተቀባዩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት መርገብገብ ጀመረች። አባባ እያወሩ ወደ ክፍሉ ጥግ ሄደዋል፤ ግድግዳዎቹ በዙበት።

«ይጠፋል!» አለች እትዬ። «ወደ ኩሽናው! ወደ ኩሽናው መስኮት!»

እሷ ካሜራውን ከነሦስት እግሩ አቀፈችው፤ እኔ ገመዱ እንዳይነቀል መሰኪያውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ፣ በአንድ ማዳመጫ ተጣብቀን፣ ራስ ለራስ ተገናኝተን በጠባቡ መተላለፊያ ተጓዝን። እሷ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ነበር የምትሄደው፤ ወንበሩን፣ የልጄን መጫወቻ፣ ደፉን በተረከዟ እየፈለገች አለፈቻቸው። እንዲህ ያለ ሙሽራ አጅባ አታውቅም።

«ከዚያ...» አሉ አባባ። ሽሽሽሽ።

«ፍጠኚ!»

ኩሽናው ደረስን። መስኮቱ ጓሮውን ያያል። መብራቷ አንዴ፣ ሁለቴ ተርገበገበችና ረጋች።

«...ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ» አሉ አባባ በጠራ ሹክሹክታ። «እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስንት መጋዝ፣ ስንት መዶሻ ሰምቼበታለሁ በዚህ ጆሮ፤ ያን ያስወጣው የለም። እንደ እሱ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ማንም አልቀዳውም እንጂ።»

«እኔስ ስወለድ?» አለች ልጄ።

«አንቺማ ገና ሳትወጪ ነው መንጫጫት የጀመርሽው።»

ብዙ አወሩ። ስለ እንጨት አወሩ፣ የትኛው ሲቆረጥ እንደሚሸት፣ የትኛው እንደሚያኮርፍ። ልጄ ጠየቀች፣ መለሱ፤ እንደገና ያንኑ ጠየቀች፣ እንደገና መለሱ። እኛ ኩሽና ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጠን፣ ካሜራውን እንደ ተኛ ሕፃን መካከላችን አድርገን ሰማን። የካሜራው ዓይን የዞረው ወደ ግድግዳው ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእኔ ጥቁር ድስትና የተሰነጠቀው ልስን ነው።

«ምስሉስ?» ብዬ በምልክት ጠየቅኋት።

«ተዪው» አለች በከንፈሯ ብቻ። እትዬ መብራት፣ አንድ ሰው ጥላ ውስጥ ከቆመ ሰርጉን የምታስቆመው ሴት፣ ተዪው አለች።

ቀስ በቀስ የአባባ ድምፅ ቀጠነ፣ ሳሉ በዛ፣ በመጨረሻ መላጊያው ብቻ ቀረ። መሳቢያውን ይዘው ሲመጡ ኮሌታቸውን አሳዩን፤ «ይቺን ጢንዚዛ ውሰዱልኝ» በምልክት ነው ያሉት። እትዬ ማይኳን ፈታችላቸው።

«አባዬ፣ ሁሉንም ሰምቼሃለሁ። ተቀድቷል።»

አባባ ዓይናቸውን ወደ መሳቢያው ጣሉ። ያፈሩ መሰለኝ።

«ከዚያ ያልከው ጋ ተቆረጠብኝ። ከዚያ ምን ሆነ?»

አፋቸውን ከፈቱ፤ አየር ብቻ ወጣ። ጉሮሯቸውን በጣታቸው አሳዩ። አለቀ ማለታቸው ነው። «ይጻፉልሽ» አልኳት እኔ። እሷ ግን «ቢጽፈው ሌላ ነገር ነው የሚሆነው» አለች። ጠዋቱን ደግሞ ስንቅ፣ ልብስና ታክሲ ስንል ወሰድናቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ወጡ። ሐኪሙ ክፉው ነገር ተጠርጎ ወጥቷል አለ። አባባ ከድካማቸው ሲያገግሙ፣ አንገታቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ትራስ ተደግፈው ሲቀመጡ፣ እትዬ ካሜራውን ይዛ ገባች። እኔም አብሬ ነበርኩ። ማዳመጫ አልፈለገችም፤ በካሜራው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከፈተችው።

አባባ ስክሪኑን አይተው ግራ ገባቸው። ድስቱን በጣታቸው እየጠቆሙ አዩን።

«ግድግዳ ነው አባዬ» አለች እየሳቀች። «ምስሉን ተወው። ስማ ብቻ።»

የራሳቸው ድምፅ ወጣ። «አትኩራ እንጂ። ትንሽ ነው የምቀንስህ።» አባባ እንደ ድንጋይ ረጉ። እኔ ያዘኑ መሰለኝ፤ ማንም ሰው ያጣውን ነገር እንዲህ ከውጭ መጥቶ ሲጠራው እንዴት ይችለዋል? ግን ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘን አይደለም። ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ መስታወት ሲያይ የሚሆነውን ነው የሆኑት። ከዚያ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ከድምፁ ጋር እኩል፣ ቃል በቃል፣ ሳይቀድሙ ሳይዘገዩ አብረው ይሉታል። ፌስታሉ ጋ ሲደርስ ትከሻቸው በሳቅ ተናጠ።

«...መታ መታ ስታደርጋት ይሰማኛል። ዝም። እንደገና መታ መታ። ዝም። እኔ እዚያ በር ላይ...» ሽሽሽ። «ከዚያ...» ሽሽሽሽ።

ድምፁ ጠፋ። የአባባ ከንፈር ግን አልቆመም።

እትዬ ከወንበሯ ተነሣች። «መልሺው» አለችኝ። መለስኩት። ፊቷን ከፊታቸው አስጠጋች፤ በሥራዋ ሙሽራ ስትቀርጽ እንደምታደርገው አንድ ዓይኗን አጥብባ ከንፈራቸውን ተመለከተች። ሽሽሽ ሲል ከንፈራቸው እንደገና ሄደ።

«መልሺው።»

ሦስተኛው ላይ ቀስ ብላ እሷ ማለት ጀመረች። «ከዚያ... ጮኸች...» አባባ በራሳቸው አዎ አሉ። «እኔም... ከውጭ...» ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም። ከንፈራቸውን ሰፋ አድርገው ደገሙላት።

«እኔም... አብሬያት...»

አዎ።

«እኔም አብሬያት ጮህኩ» አለች እትዬ።

አባባ እጇን ያዙ፤ ከካሜራው ውስጥም ድምፃቸው ጥርት ብሎ መጣ፦

«...ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።»